ርቀት በብር ሲመነዘር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ትራንስፖርትና መገናኛ በአገር ኢኮኖሚ ውስጥ ስላላቸው ሚና ጥያቄ ያላቸው አንባቢያን እንዲጽፉልን ጋብዘን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረን፣ ከመልሶቻቸው ጋር እነሆ አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ መቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት አመርታለሁ። ከማሳዬ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 150 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ሆኖም እኔ የምሸጥበት ዋጋና አዲስ አበባ ያለችው ልጄ የምትገዛበት ዋጋ አይተዋወቁም። ይህን ልዩነት የሚበላው ማን ነው? ሁሉም ደላላው ነው ይለኛል። (አርሶ አደር፣ ከመቂ)

መልስ፦ ደላላው ድርሻ እንዳለው አንክድም። ነገር ግን ጣትን በእሱ ላይ ብቻ መቀሰር የሂሳቡን ትልቁን ክፍል ያስረሳል። በእርስዎ ማሳና በልጅዎ ጓዳ መካከል ያለው ልዩነት ከሞላ ጎደል ሦስት ነገሮችን ይዟል፤ ዕቃውን የማንቀሳቀስ ወጪ፣ በመንገድ ላይ የሚበላሸው ምርት፣ እንዲሁም ባለማወቅ ምክንያት የሚከፈለው ዋጋ ናቸው። ሦስተኛውን ስለ ስልክ ከቀረበው ጥያቄ ጋር እናነሳዋለን።

ስለ ሁለተኛው፣ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በዓይኑ ያየውን ቢናገር ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቲማቲም በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ ከስምጥ ሸለቆው ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ፣ ተጭኖ ያበቃው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ስለነበር ሾፌሩ ለእኩለ ሌሊቱ ገበያ እንደርሳለን ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ከተማ መግቢያ ላይ መንገዱን ተሻግሮ የተወጠረ ገመድ ጠበቀን። ረዳቱ ወረቀቱን ይዞ ወርዶ ተሰለፈ፤ ገመዱ እስኪረግብ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆምን። ቀጥሎ ሌላ ገመድ ነበር፤ ከእሱም በኋላ ጎማ ፈነዳና ጎሚስታ ከእንቅልፉ መቀስቀስ ግድ ሆነ። ሲነጋጋ አዲስ አበባ ስንገባ ከሥር የተደረደሩት የእንጨት ሳጥኖች ፈሳሽ ያንጠባጥቡ ነበር፤ በሌሊት ጅምላ የሚገዙት ቸርቻሪዎችም ጭነታቸውን ይዘው ወደየሰፈራቸው ተበትነው ነበር። ነጋዴው የተረፈውን ሳጥን የሸጠው እሱ በፈለገው ሳይሆን ገዢው በጠራለት ዋጋ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ነጋዴው 100 ሳጥን በ400 ብር ሂሳብ ገዛ እንበል፤ 40 ሺህ ብር አወጣ ማለት ነው። 20ው ሳጥን ከፈረጠበት፣ የመኪና ኪራይና የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ገና ሳይነሳ፣ የቀሩትን 80 ሳጥኖች እያንዳንዳቸውን ከ500 ብር በታች ከሸጠ ይከስራል። የሚፈርጠው 5 ሳጥን ብቻ ቢሆን ኖሮ 421 ብር ገደማ በቂው ነበር። ይህን በየሳምንቱ የሚያየው ነጋዴ ደግሞ የብልሽቱን ሂሳብ አስቀድሞ ከእርስዎ ዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ የተረፈውንም በልጅዎ ዋጋ ላይ ይጨምራል። ስለዚህ መልሱ ከልዩነቱ ከፍተኛውን ድርሻ የሚበላው ማንም አይደለም የሚል ነው፤ በመንገድ ላይ ፈስሶ የሚቀር፣ ለአምራቹም ለሸማቹም ለደላላውም የማይደርስ ሀብት ነው። አንድ ሰው በልቶት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ገንዘቡ በአገር ውስጥ በዞረ ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሞሌ ጨው በገንዘብነት ያገለግል በነበረበት ዘመን፣ ጨው በሚቆረጥበት በአፋር ሜዳ አጠገብ በአንድ ጠገራ ብር ብዙ አሞሌ ይገኝ ነበር፤ ወደ ደጋው እየወጣ፣ ወደ ጎጃምና ወደ ደቡብ ምዕራብ እየራቀ ሲሄድ ግን በአንድ ብር የሚመነዘረው አሞሌ ቁጥሩ እያነሰ ይመጣ ነበር። አሞሌው ያው ነው፤ በላዩ ላይ የተጨመረው የግመሉ፣ የበቅሎው፣ የኬላው ቀረጥና የሽፍታው ስጋት ነው። የአያቶቻችን ነጋዴዎች ርቀትን በብር መንዝረው ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ትራንስፖርትና መገናኛ "የኢኮኖሚ የደም ሥር" ናቸው ይባላል። ተማሪዎቼ "ይህ አባባል ብቻ ነው ወይስ በተግባር የሚታይ ነገር አለው?" ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? (የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አባባሉ ከመደጋገም ብዛት ጣዕሙ ቢጠፋም ስሕተት የለበትም። የአገሪቱ ዓመታዊ ምርትና ገቢ በሚደመርበት በብሔራዊ ሂሳብ ላይ ትራንስፖርትና መገናኛ ከአገልግሎት ዘርፍ ውስጥ እንደ አንድ መስመር ተቀምጦ ይታያል፤ የሾፌሩ ደመወዝ፣ የአውቶቡሱ ታሪፍ፣ የስልኩ ሒሳብ ሁሉ እዚያ ይደመራሉ። ተማሪዎችዎ ይህን መስመር ብቻ ካዩ ዘርፉ ትንሽ ይመስላቸዋል። ትልቁ ፋይዳ የተመዘገበው በሌሎች መስመሮች ነው፤ መንገድ በመኖሩ ብቻ የተዘራ ሽንብራ በግብርና ሥር፣ ጥሬ ዕቃው በጊዜው በመድረሱ ያልቆመ ፋብሪካ በኢንዱስትሪ ሥር ይቆጠራል።

ለክፍል ውስጥ ውይይት አንድ የራሳችንን ታሪክ ብንጠቁምዎ እንወዳለን። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. መባቻ የበቆሎ ምርት በአገሪቱ ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ አካባቢዎች እጅግ ያማረ ነበር። ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ወረደ፣ ከዚያም ተንኮታኮተ፤ ለማሳጨድና ለማጓጓዝ የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ ስለበለጠ በቆሎው በማሳው ላይ የቀረበት ቦታ ነበር። ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የተበደረው ገበሬ ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ለሚቀጥለው ዓመት ያንን መድገም ተሳነው። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲከዳ ደግሞ፣ በ1995 ዓ.ም. የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር ከ12 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በአንድ አገር ውስጥ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ በመጀመሪያው እህል ገዢ አጥቶ ወደቀ፤ በሁለተኛው ሰው እህል አጥቶ ወደቀ። ዝናቡን ማንም ሊያዘው አይችልም። ይሁን እንጂ ትርፍ ካለበት ወደ እጥረት ቦታ ርካሽ ማጓጓዣ፣ አንዱን ዓመት ለሌላው የሚያቆይ መጋዘን፣ ዋጋን ከወለጋ እስከ ወሎ የሚያሳውቅ የመረጃ መስመር ቢኖር ኖሮ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው ያን ያህል ባልወደቀ፣ በሁለተኛውም ያን ያህል ባልናረ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመቋቋሙ ጀርባ ከነበሩት ክርክሮች አንዱ ይኸው የበቆሎው ታሪክ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የደም ሥር ሲባል ርዝመቱን ብቻ መቁጠር ይቀናናል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በአገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከ18 ዓመት ገደማ በኋላ የወረዳ መንገዶች ተጨምረው ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማቃለልም አይገባም። ነገር ግን ክረምት ከበጋ የማያገለግል፣ ጎርፍ ድልድዩን ወስዶት ለሦስት ወር የሚዘጋ መንገድ በሪፖርት ላይ ያው ኪሎ ሜትር ተብሎ ይቆጠራል። ተማሪዎችዎ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ አንድ ኩንታል እህል ከወረዳው ወደ ዞኑ ከተማ በስንት ቀንና በስንት ብር እንደሚደርስ በየዓመቱ ቢመዘግቡ፣ ከብዙ ሪፖርት የተሻለ መረጃ ይዘው ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዘመናዊ ባቡር ተዘርግቶልናል። ታዲያ ለምንድን ነው ዛሬም በአዋሽና በሚሌ መስመር ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው የምናየው? ባቡሩ ከስሯል ማለት ነው? (ነጋዴ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ ብንሰጥ እንሳሳታለን፤ ስለዚህ ትንሽ ይታገሡን።

ከግንቦት 1990 ዓ.ም. በፊት ከውጭ የሚገባው ዕቃ በብዛት የሚራገፈው በአሰብ ወደብ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ያ በር ተዘጋና የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ባንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እስከ ዛሬም ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ የሚሆነው በዚያው ያልፋል። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወደብ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ 50 ሺህ ቶን ማዳበሪያ የጫነ መርከብ መጣ እንበል። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ይጭናል ብንል፣ ያንን አንድ መርከብ ለማራገፍ 1,250 የመኪና ጉዞ ያስፈልጋል። ማዳበሪያው ደግሞ ከዘር ወቅት በፊት ገበሬው እጅ መግባት አለበት፤ ከሰኔ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት በቆሎ አይረባም። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ በጸደዩ ወራት መኪናዎች ወደ ማዳበሪያው ሲታዘዙ የሌላው ነጋዴ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ይቀመጣል፤ የመጋዘንና የመዘግየት ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል።

ባቡር የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ከባድና ብዙ ጭነት ነው። የሰበታ–ጅቡቲ መስመር፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው፤ የተሠራውም በአብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር ነው። አንድ ረጅም የጭነት ባቡር በአንድ ጉዞ የብዙ አሥር መኪናዎችን ጭነት ያነሳል፤ ኬላ ላይ አይቆምም፤ ነዳጅ አይጠይቅም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ባቡር አንድ ባሕርይ አለው፤ ጭነት ቢኖረውም ባይኖረውም ወጪው ያው ነው። ሐዲዱ፣ የኃይል ማከፋፈያው፣ የብድሩ ወለድ፣ ባዶ ፉርጎ ሲሄድም ይቆጠራሉ። መኪና ያለው ሰው ጭነት ሲጠፋ መኪናውን አቁሞ ሾፌሩን ያሰናብታል፤ ባቡሩን ግን ማንም እንዲህ አያቆመውም።

ስለዚህ የባቡሩ ጤንነት የሚወሰነው በጭነቱ መጠን ሲሆን፣ እዚህ ላይ ከአገሪቱ ንግድ መልክ ጋር ይጋጫል። ከውጭ የምናስገባው በዋጋም በክብደትም ከምንልከው እጅግ ይበልጣል። ወደ ላይ ማሽን፣ ብረት፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ ይወጣል፤ ወደ ታች ቡናና ሰሊጥ፣ ጥራጥሬና አንዳንድ የፋብሪካ ውጤት ይወርዳል። ከፊሉ ፉርጎ ባዶውን ይመለሳል። የመልስ ጭነት የሌለው ሾፌርም ሆነ ባቡር የመመለሻ ወጪውን የሚያስከፍለው የመሄጃውን ጭነት ነው፤ ማለትም እርስዎ አዳማ ላይ የሚሸጡት ቆርቆሮ ወደ ጅቡቲ በባዶ የሄደውን ፉርጎም ዋጋ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ወደ ውጭ የሚላክ ምርት መጨመር ዶላር ከማምጣቱ በተጨማሪ የገቢ ዕቃን የማጓጓዣ ዋጋ ዝቅ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ በንግግር የማይነሳ ቢሆንም ለእኛ ከፍ ያለ ትርጉም ያለው ነጥብ ይመስለናል።

ሌላው ጉዳይ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው። ባቡሩ ኮንቴይነሩን ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ያመጣል፤ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር፣ እስከ ሐዋሳ፣ እስከ ጅማ ግን መልሶ መኪና ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ ማንሳትና ማውረድ፣ ሁለት ጊዜ ወረፋ መያዝ ይኖራል። መኪናው ግን ከወደቡ አንስቶ የነጋዴው መጋዘን በር ላይ ያወርዳል። አንድ ትራንዚተር (የነጋዴን ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ የሚያስለቅቁ ባለሙያ) እንዳጫወቱን፣ ደንበኞቻቸው ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት "መቼ እጄ ይገባል?" ብለው ይጠይቃሉ። በአራት ቀን እደርሳለሁ ብሎ በአራት ቀን የሚደርስ፣ በሁለት ቀን እደርሳለሁ ብሎ አንዳንዴ በስምንት ቀን ከሚደርሰው ይመረጣል።

ባቡሩ ከስሯል ወይ ላሉት፣ እንዲህ ያለ መሠረተ ልማት በጥቂት ዓመት ትርፍ አይመዘንም። የመጀመሪያው የምድር ባቡር ምን ያህል ትዕግሥት እንደጠየቀ ማስታወስ ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ወደቀ፣ መንግሥታት ተጨቃጨቁበት፣ ፈቃድ የሰጡት ንጉሠ ነገሥትም ሐዲዱ መናገሻቸው ሳይደርስ ዐረፉ። ሲደርስ ግን ነጋዴ ከዋና ከተማው ወደ ባሕር ለመውረድ ይፈጅበት የነበረውን የብዙ ሳምንታት የቅፍለት (በግመልና በበቅሎ ጭነው በቡድን የሚጓዙ ነጋዴዎች) ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ዝቅ አደረገው።

ጥያቄ፦ መንገድ በመጣ ቁጥር ሁሉም ይጠቀማል ይባላል። እኔ ግን አንዳንድ ከተማ በመንገድ ሲሞት አይቻለሁ። ተሳስቼ ይሆን? (ከሐረር)

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ለዚህም ከሐረር የተሻለ ምስክር አይገኝም። የመጀመሪያው ባቡር በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር፤ ወደ ተራራው መውጣቱ ብዙ ወጪ ስለጠየቀ ሐዲዱ ከታች በቆላው በኩል ተሻገረና ድሬዳዋ ከሜዳው ላይ በቀለች። ለዘመናት የቅፍለት ንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር የጅምላ ንግዷን ለዚህች አዲስ ከተማ አስረከበች። የዘይላ ወደብም በጅቡቲ ተዋጠ፤ በይፋት የነበረው ስመ ጥሩው የአልዩ አምባ ገበያም ቅፍለቱ ሲቀር ቀዘቀዘ። ትራንስፖርት ሲሻሻል አጠቃላዩ ሀብት ይጨምራል፤ ይሁን እንጂ ሀብቱ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ላይ ይጨምራል የሚል ውል የለም። የመስመር አቅጣጫ በተወሰነ ቁጥር አንድ ከተማ እየተመረጠ ሌላው እየተተወ ስለሆነ፣ ውሳኔው ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም።

ጥያቄ፦ ስልክ ኩንታል አይሸከምም። ታዲያ ትራንስፖርትና መገናኛ ለምን አንድ ላይ ይጠራሉ? ቴሌ ብር ምን ያህል ቢስፋፋ ከአንድ ጥሩ ድልድይ እኩል ሊቆጠር ይችላል? (የቡና አቅራቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ስልክ ኩንታል አይሸከምም፤ ነገር ግን ኩንታሉ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይናገራል። ከታሪክ እንጀምር ካሉ፣ በምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ባቡሩ አዲስ አበባ ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት ሥራ ጀምሯል። ወሬ ከዕቃ ቀድሞ ይጓዛል፤ ቀድሞ መጓዙም ነው ጥቅሙ።

በዚህ ረገድ እስካሁን ካነበብናቸው ጥናቶች ሁሉ ጉዳዩን አጉልቶ የሚያሳየው ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ የባሕር ዳርቻ ያደረገው ነው። በ1989 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ማለዳ፣ ባዳጋራ በተባለ የባሕር ዳር ገበያ 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ አጥተው ዓሣቸውን ሊደፉ ነበር። በዚያው ሰዓት፣ ከዚያ በ15 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባሉ ገበያዎች ደግሞ 27 ገዢዎች ዓሣ ሳያገኙ ሊመለሱ ነበር። በመካከላቸው መንገድ አልጠፋም፤ ባሕሩ ራሱ መንገድ ነው። የጠፋው ወሬ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት የሞባይል ስልክ ወደ አካባቢው ሲገባ ዓሣ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ቀድሞ ከተያዘው ዓሣ ከመቶ 5 እስከ 8 የሚሆነው ይደፋ የነበረው ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሻጩም ገዢውም ባንድ ጊዜ ተጠቀሙ ማለት ነው፤ ይህ ከላይ ለመቂው ጠያቂያችን በመንገድ ላይ ፈስሶ ይቀራል ያልነው ሀብት ሲታደግ የሚሆነው ነው። መቂ ላይ ያለው ደላላም የሚኖረው በዚሁ ባለማወቅ ላይ ነው፤ አርሶ አደሩ የዛሬ ሌሊቱን የአዲስ አበባ ዋጋ ከሁለት ሦስት ሰው ጠይቆ ካወቀ የደላላው ድርሻ ወደ ትክክለኛ የድካም ዋጋው ይወርዳል።

ሁለተኛው የመገናኛ ሥራ ገንዘብን ማጓጓዝ ነው፤ ገንዘብም ጭነት ነው። ቀድሞ ቡና አቅራቢ በከረጢት ብር ይዞ ወደ ገጠር ይወርድ እንደነበረና ምን ዓይነት ስጋት እንደነበረበት እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ቴሌ ብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተመዝግበውበታል፤ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ አገልግሎት ጀምሯል፤ በዚያው ዓመት ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲገዛ መደረጉ ብዙ ሾፌሮችን በግድም ቢሆን ወደ ስልክ ክፍያ አስገብቷቸዋል።

ግን አዲስ ጥገኝነትም ይዞ መጥቷል። ባለፈው ዓመት በአንዲት የወረዳ ከተማ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ረፋዱን ቆሜ ነበር። በመስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ "ሲስተም የለም" አለች፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ሰዎቹ ቃሉን እንደ ዝናብ ተቀብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት በሬ ለመግዛት መጥተው ነበር። የበሬው ባለቤት ውጭ ዛፍ ሥር በሬውን ይዞ ይጠብቃል፤ ገዢው ብሩ ባንክ አለ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ የተቋረጠ መስመር ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የበሬው ባለቤት "መንገዴ ሩቅ ነው" ብሎ በሬውን እየነዳ ሄደ። ድልድይ ቢፈርስ ጋዜጣ ይጽፈዋል፤ ይህ ግን የትም አልተመዘገበም።

መቋረጡ ሲረዝም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክ፣ ባንክና በረራ ተቋረጡ፤ በመካከሉ ለጥቂት ወራት በከፊል ተከፍተው እንደገና ከተዘጉ በኋላ፣ ወደ መቀሌ የመንገደኞች በረራ የተመለሰው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። በባንክ ደብተሩ ላይ ገንዘብ የነበረው ሰው ደብተሩን ይዞ ተራበ፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ መቶ ብር ማድረስ አልቻለም፤ በሰው እጅ የሚሻገረው ገንዘብም ከፍተኛ ኮሚሽን ይቆረጥበት ነበር። የደረሰው ሰብዓዊ መከራ ከኢኮኖሚ ሂሳብ በላይ ነው፤ እዚህ ያነሳነው መገናኛ ሲጠፋ ሀብት ራሱ ሀብት መሆኑን እንደሚያቆም ለማሳየት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከድልድዩ ጋር ያወዳድሩት ካሉን፣ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው እንላለን። ዋጋው በጅማ ከፍ ማለቱን በስልኩ ሰምቶ ወንዙ ሞልቶ መሻገር ያቃተው ገበሬ በስልኩ የተጠቀመው ንዴት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አበባን የሚያህል ርካሽ ነገር በአውሮፕላን ጭኖ አውሮፓ መላክ እንዴት ያዋጣል? ጤፍስ ለምን እንዲሁ አይላክም? (ተማሪ፣ ከሆለታ)

መልስ፦ ሆለታ ላይ ሆነው አበባውን ርካሽ ማለትዎ አይገርምም፤ ከአጥሩ ማዶ ስለሚያዩት ነው። የአውሮፕላን ጭነት የሚከፈለው በኪሎ ስለሆነ፣ ኪሎው ውድ የሆነ ዕቃ ብቻ ይችለዋል። አንድ ኪሎ ጽጌረዳ አምስተርዳም አጠገብ ባለው በአልስሜር ገበያ የሚያወጣው ዋጋ የበረራውን ሂሳብ ከፍሎ ትርፍ ያስቀራል፤ አንድ ኪሎ ጤፍ ግን ከራሱ ዋጋ በላይ ለበረራው ይከፍላል። በሌላ በኩል ጽጌረዳ በመርከብ ቢላክ የብዙ ሳምንት ጉዞው ያጠወልገዋል፤ ጤፍ ደግሞ በኮንቴይነር ወር ቢቀመጥ አይከፋውም።

ይህ ሁሉ ግን የተቻለው አየር መንገዱ ቀድሞ ስለነበረ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ስለ አበባ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የአበባ እርሻዎቹ በብዛት የተስፋፉት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የጭነት አውሮፕላኖቹ ቤልጂየም፣ ሊየዥ ላይ መናኸሪያ አላቸው፤ ወደ ሰሜን ይዘው የሄዱት አበባ ከሆነ በመልሱ መድኃኒት፣ መለዋወጫና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይጭናሉ። በጅቡቲ መስመር ባዶውን በሚመለሰው ፉርጎ ያስጨነቀን ጉዳይ በአየሩ ላይ በከፊል የተቃለለው እንዲህ ነው።

የሚያሰጋው ከእርሻው እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ነው። አበባው ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከሆለታ ተነስቶ በመግቢያው ላይ በመኪና መጨናነቅ ሁለት ሰዓት ከቆመ፣ ማቀዝቀዣውም ከደከመ፣ አበባው ለጊዜው ምንም አይለይበትም። የሚታወቀው ከአራት ቀን በኋላ፣ የገዛችው ሴት አበባ ማስቀመጫው ውስጥ ካደረገችው በኋላ አንገቱን ሲደፋ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ከኬንያ የመጣውን ትገዛለች።